አንገቱን የሚደፋ ምድጃ

ጠዋት ከሁሉም ቀድመው የሚነሡት አማቷ ናቸው። የኩሽናውን መብራት ያበራሉ፣ ማንቆርቆሪያውን ይጥዳሉ፣ ከዚያም ምራታቸውን በር ሳያንኳኩ በሳል ብቻ ይቀሰቅሷታል። እሷ ትነሣለች፣ ትታጠባለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ታስራለች። ሻይዋን የምትጠጣው ቆማ ነው። ዳቦዋን ግማሹን ትበላና ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። አማቷ በየቀኑ «ቁጭ ብለሽ ብትበዪው ማን ይከስሻል?» ይሏታል፤ እሷም በየቀኑ «ሰርቪሱ ያመልጠኛል፣ እማዬ» ትላለች። ሰርቪሱ አምልጧት አያውቅም።

ያን ቀንም እንዲሁ ነበር። ዋርሳዋ፣ የባልዋ ታናሽ ወንድም፣ ከጓሮ ካለችው ክፍሉ የቱታውን ቁልፍ እየቆለፈ ወጣ። እሱም የሚሠራው እሷ ኢንጂነር በሆነችበት የመኪና ባሌስትራ ፋብሪካ ነው። ሥራው ጠፍጣፋ ብረት በጉጠት እየያዙ ትልቁን ማጋያ ምድጃ ማጉረስ ነውና እሱንና ጓደኞቹን አጉራሾች ይሏቸዋል። ሰፈሩም ፋብሪካውም እሱን የሚጠራው ግን ቅንድቤ እያለ ነው፤ ከዓመታት በፊት ከምድጃው በር ድንገት የወጣ ነበልባል ሁለቱንም ቅንድቦቹን ልሶ ወስዷቸው ነበር። ቅንድቦቹ ተመልሰው በቀሉ፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ።

«እትዬ፣ ዛሬ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል አሉ» አላት መንገድ ላይ።

«አማካሪ ነው። ይምጣ።»

«ማንን ሊያማክር?»

«ምድጃውን።»

«እሱ እንኳ ምክር ይሰማል። እዚያ ካለነው ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።»

ፈገግ አለች። ቀልዱን ትወዳለች። አረማመዱ ግን ከሟች ወንድሙ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ አብረው ሲሄዱ ሁልጊዜ ጥቂት ቀደም ብላ ነው የምትራመደው።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ከአዳራሹ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በአንድ በኩል ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ክፍል ነው። ከዚያ ሆነው ወደ ታች ሲያዩት ምድጃው ረጅም የጡብ ቤት ይመስላል። በአንዱ ጫፍ ጥቁር ብረት ይገባል፣ በሌላው ጫፍ ፍም መስሎ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ዘይት ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ኢንጂነሯ ካፖርቷን ሳታወልቅ ስክሪኑን አየች። ቀዩ መስመር የምድጃው ሙቀት ነው፣ ሰማያዊው ወደ እሳቱ የሚገባው ጋዝ። ታች ብረት የጫነው ጋሪ ከበሩ ፊት ያለውን ሚዛን ረገጠ። በሩ ገና አልተከፈተም። ሰማያዊው መስመር ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ፤ መሃል ላይ ጥቂት ቆም አለ፤ ከዚያ እስከ ታች ወረደ። ያኔ በሩ ተከፈተ። አጉራሾቹ ብረቱን ከተቱ፣ በሩ ተዘጋ፣ ጋዙ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አንገቱን ደፋልን» ይላሉ አጉራሾቹ፣ ምድጃው እንዲህ ሲያደርግ።

ምድጃውን የሚነዳው ሰው አይደለም፤ ኒውራል ኔትወርክ የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፋብሪካው ውስጥ ግን በዚህ ስም የሚጠራው የለም፤ «ተማሪው» ነው የሚባለው። ከእሱ በፊት የነበረው መቆጣጠሪያ ሙቀቱ ሲወርድ ጋዝ ይጨምር፣ ሲወጣ ይቀንስ ነበር። ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ብዙ ብረት በአንዴ ሲገባ ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ መቆጣጠሪያው ዘግይቶ ነቅቶ ሲያቀጣጥለው ደግሞ ብረቱ ያለ ልክ ይግላል። ስለዚህ ነገሩ የገባቸው ፈረቃ መሪዎች መቆጣጠሪያውን አጥፍተው ምድጃውን በእጃቸው ይነዱት ነበር። ኢንጂነሯ ያሰበችው ይህንን ነው። ለማሽኑ ሕግ ከመንገር ይልቅ የጎበዝ ሰው እጅ እያየ ቢማርስ? ይህን ያህል ብረት ሲገባ፣ ሙቀቱ እዚህ ሲደርስ፣ ሰውየው ጋዙን የት አደረሰው? ሁሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ደጋግማ አሳየችው። እየገመተ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ ተማረ።

የማንን እጅ? ከፈረቃ መሪዎቹ መካከል የባልዋን መረጠች። ባልዋ ስለሆነ አልነበረም፤ ብረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚግለው በእሱ ፈረቃ ስለነበረ ነው። ብትምልም የሚያምናት አልተገኘም። ባልዋ ራሱ «ቤትም እኔ፣ እዚህም እኔ፤ አልሰለቸሁሽም?» ብሎ ስቆባታል።

አንድ ሰው ብቻ ያስተማረው ልጅ ግን የሰውየውን ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ዐመሉንም ይወርሳል። ያኔ ይህ አልታያትም። ባልዋ ከታመመ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከቀብሩ በኋላ ሥራ ስትመለስ ተማሪው ምድጃውን ብቻውን ይዞት አገኘችው። ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ጋሪው ሚዛኑን ሲረግጥ ሰማያዊው መስመር ወረደ፣ ቆም አለ፣ ወረደ።

ለብረቱ ብሎ አይደለም፤ በር ሊከፈት ሲል ጋዝ መቀነስ ለብረቱ ምንም አይፈይድለትም። ቆይታ ነው የገባት። የወንድሙ ቅንድብ ከተለበለበ ጀምሮ ባልዋ በሩ ከመከፈቱ በፊት እሳቱን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ነበልባሉ በሩን ተከትሎ ወደ ሰው እንዳይወጣ። መሃል ላይ እጁን የሚያቆመው ደግሞ ቀና ብሎ በመስታወቱ ወደ ታች ለማየት ነው። ሰዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል? ይዘዋል። ከዚያ ይጨርሰዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለእሷም ቢሆን። ተማሪው ዓይን የለውም፣ በመስታወቱ የሚያየው ሰው የለም። ሆኖም መሃል ላይ ይቆማል።

እሷም ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

አማካሪው እንደፈራችው ዓይነት ሰው አልነበረም። ሲናገር ድምፁን አያነሣም፣ ሲጠየቅ የማያውቀውን አላውቅም ይላል፣ ሥራዋንም አንብቦ ነው የመጣው። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲቀመጡ መጀመሪያ ያመሰገነው ተማሪውን ነው።

«እንዲህ የሚሠራ ብዙ አላየሁም። ግን አንድ መጥፎ ዐመል ይዟል» አለና የሰማያዊውን መስመር ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «በር በተከፈተ ቁጥር ያለ ምክንያት ጋዝ ይቀንሳል። ከዚያ የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ ምድጃው ይለፋል። በዚህ የሚባክነው ጊዜ በየፈረቃው ቀላል አይደለም። ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ማጥፋት ግን ይቻላል።»

«ምክንያት አለው» አለች። «በሩ ላይ ሰዎች ይቆማሉ።»

«ለክቼዋለሁ። የፊት መከለያ ላደረገ ሰው ሙቀቱ ከተፈቀደው በታች ነው።»

«የለኩት በሩ ተከፍቶ እያለ ነው። እኔ የምልዎት ሲከፈት ነው። ጋዙ በኃይል እየገባ በሩ ሲነሣ እሳቱ መውጫ ያገኛል።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ማንከባለል ጀመረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላዩ የሚጮኹበት ሰው ነው። «እስቲ ንገሪኝ፣ በዚያ በር ማን ተቃጠለ? አንድ ሰው ቅንድቡ ተላጨ፣ በቃ። እስከ ዛሬ እየተሳቀበት ነው።»

«ቅንድብ ያለው ዓይን ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

አማካሪው ሳቁን ለመዋጥ ወደ ሥዕሉ አጎነበሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ድምፁን አለሰለሰ፤ መለስለሱ ነው የባሰው። «ተይ እንጂ፣ እኛ እኮ እንተዋወቃለን። ይገባኛል። ተማሪው የሟቹ እጅ ስላለበት ነው የከበደሽ።»

ኢንጂነሯ እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ጭኗ ላይ አደረገቻቸው።

«እሱን ከዚህ ወሬ ያውጡልኝ» አለች። «በሕይወት ያሉት ይበቁናል።»

«እንግዲያው ዐመሉን አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

«ትእዛዝ ነው።»

«ሰምቻለሁ። አላጠፋም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ አማካሪው ዞረ። «አንተ ትችላለህ?»

አማካሪው ወደ እሷ አየና ዓይኑን ሰበረ። «ያለ ዐመሉ የተማረ ሌላ ቅጂ አዘጋጅቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ልንሞክረው እንችላለን።»

እሷ እምቢ ማለቷ ለካ በሩን አልዘጋውም። ከቢሮው ወጥታ ደረጃውን ቀጥ ብላ ወረደች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። አመሻሽ ላይ አማቷ ከገመድ ላይ ልብስ ሲያወርዱ ቅንድቤ ከኋላቸው እየተከተለ ቅርጫቱን ይዞላቸዋል፤ አፉ ደግሞ ከእጁ በላይ ይሠራል።

«የወንድሜን ነገር ሊያጠፉት ነው፣ እማ! ምድጃው አንገቱን የሚደፋልን በእሱ ነው አሉ። እኛ ደግሞ ምድጃው ለምዶን መስሎን! ወይ ፍንክች! ጉጠቴን ጥዬ ነው የምወጣው!»

አማቷ አንሶላውን ሁለት ላይ አጠፉት። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «እውነት ነው? የልጄ እጅ እዚያ ውስጥ አለ?»

እሷ የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። «አዎ፣ እማዬ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሁለቱ ሴቶች አንሶላውን ወጥረው ቆሙ። አማቷ አንሶላውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«እኔ የወለድኩት ልጅ ነው፤ ምድጃ አልወለድኩም» አሉ። «ያኛውን ቀብሬዋለሁ። ይልቅ ይኼኛው እንዳይቃጠልብኝ። እሱን ጠብቂልኝ፤ እንዴት እንደምትጠብቂው አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም» አለ ቅንድቤ።

«ዝም በል፣ ቅርጫቱን ያዝ።»

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁና አማካሪው ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሲገቡ ወንበሯ ባዶ ነበር። በመስታወቱ ወደ ታች ሲያዩ ኢንጂነሯ የቆዳ ሽርጥ አገልድማ፣ ጓንት አጥልቃ፣ የፊት መከለያውን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከአጉራሾቹ ጋር ቆማለች። ሽርጡ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል።

«ልክሽ አይደለም፣ እትዬ» ይላል ቅንድቤ። «ድንኳን የለበሰች ነው የምትመስይው።»

«ጉጠቱን አምጣ።»

«ይከብድሻል።»

«በአንዱ በኩል አንተ ያዘው።»

ሌላው አጉራሽ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቃሉ ጥቂት የሆነ ሰውዬ፣ ራሱን እየነቀነቀ መንገድ ለቀቀላት። ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወረደ።

«ምንድን ነው ይሄ? ከዚያ ውጪ!»

«ሙከራ አይደለም እንዴ? የሚሞከርበት ሰው ያስፈልጋል። ከተፈቀደው በታች ነው ተብሏል፤ ታዲያ ምን ያስፈራል?» አለች። «እርስዎም እዚህ ቢቆሙ ደስ ይለናል። ለሁለተኛው ብረት ተረኛ አላገኘንም።»

ከላይ አማካሪው እጁን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። በመስታወቱ አያት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችለት። የራሱን ቅጂ አስገባ።

ጋሪው ሚዛኑን ረገጠ። ሁልጊዜ በዚህ ጊዜ የምድጃው ድምፅ ዝቅ ይላል፤ አጉራሾቹ ሳያስቡት ጆሯቸው ይህን ነው የሚጠብቀው። ድምፁ አልወረደም። ቅንድቤ «እትዬ» አለ፣ በዝግታ። መከለያዋን ወደ ፊቷ አወረደች። በሩ ሲነሣ ነበልባሉ ከሥሩ እንደ ምላስ ወጣና ተጠማዞ ወደ ላይ ሄደ። አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ኋላ ዘለለ። እሷ አልዘለለችም፤ ከቅንድቤ ጋር ብረቱን ገፋች፣ ብረቱ ገባ፣ በሩ ወረደ። መከለያዋን ስታነሣ ፀጉሯን ያሰረችበት መሐረብ ጫፍ ጠቁሮ ይጨስ ነበር። ደረተ ሰፊው አጉራሽ በጓንቱ መታ መታ አድርጎ አጠፋላት።

«ሁለተኛው የእርስዎ ነው» አለች ሥራ አስኪያጁን፣ ጉጠቱን ወደ እሱ አዙራ።

ፊቱ ቀላ። በሠራተኛ ፊት መዋረድ የሚችለው ነገር አልነበረም። «ለዚህ የሚሆን ሙሉ መከለያ እናስመጣለን» አለ። «ሰኞ አዲሱ ቅጂ ሥራ ይጀምራል። አለቀ።»

«መከለያው ሰኞ ይደርሳል?»

«ይደርሳል ሲደርስ!» ብሎ ሄደ። ከኋላው ቅንድቤ «ምድጃውስ መከለያው እስኪደርስ ይታገሣል?» አለ፤ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር።

አማካሪው ከላይ ጠበቃት። የወንበሩ ጠርዝ ላይ ነበር የተቀመጠው። «ይህን አላሰብኩትም ነበር» አለ። «ያለ ምክንያት ነው ማለቴ ትክክል አልነበረም። ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፈዋለሁ።»

«እስኪያነቡት ሰኞ ያልፋል።»

«ያልፋል።» ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ችግሩ ይሄ ነገር ያለው ተማሪው ውስጥ መሆኑ ነው። እዚያ ውስጥ ያለ ነገር ሕግ አይደለም፣ ዐመል ነው። ዐመል ለማጠብ ፊርማ አያስፈልግም። ዛሬ እኔ፣ ነገ ሌላ ሰው፤ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። ከደኅንነት ቁልፉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግን እኔም አልነካውም ነበር።»

የደኅንነት ቁልፉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ግራጫ ሳጥን ነው። ምንም አይማርም። ጋዝ ከሸተተ ዝጋ፣ የአየር ማራገቢያው ከቆመ አጥፋ፤ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሕግ የማስገባት ሥልጣን የኢንጂነሯ ነው፤ የምድጃው ደኅንነት በስሟ ነው የተመዘገበው። እሷ የቆለፈችውን መክፈት የሚችለው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፤ ስሙንና ምክንያቱን ጽፎ፣ ፈርሞ።

አማካሪው ከሄደ በኋላ ሳጥኑን ስታይ ቆየች። ይህን ቀድሞ ያላደረገችው አላዋቂ ሆና አይደለም። ዐመሉ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ የባልዋ መሆኑ ይቀራል፣ የማንም አይሆንም፤ ይህን አውቃ ነው ያላደረገችው።

ቅዳሜ ምድጃው ለጽዳት ይቆማል። በጠዋት ብቻዋን መጣች። ሕጉ አጭር ነበር፤ ጋሪው ሚዛኑን ሲረግጥ ጋዙን እስከ ታች አውርድ፣ ሳይወርድ በሩ አይከፈት። ሳጥኑ ተቀበለው። መጀመሪያ ሁለቱንም ለማቆየት ሞከረች፤ ሳጥኑም ተማሪውም ይኑሩ ብላ። በኮምፒውተሩ ላይ ያለ እሳት ሞከረችው። ተማሪው በራሱ መንገድ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሳጥኑ በአንዴ ይቆርጠዋል፤ ተማሪው ያልጠበቀውን ሲያይ ይመልሳል፣ ሳጥኑ ደግሞ ይቆርጣል። ጋዙ ተንቀጠቀጠ። አንድ መሪ ላይ ሁለት ሰው እጅ ሊያሳርፍ አይችልም። ጊዜውን ለወጠች፣ ልኩን ለወጠች፣ እንደገና ሞከረች። ተንቀጠቀጠ።

የአማካሪው ቅጂ እዚያው ነበር። እሱን ማስገባት ይቀላት ነበር። አላስገባችውም። ሌላ ሰው እጁን እንዲያስገባበት አልፈለገችም።

የባልዋን ፈረቃ ከፈተች። በር ከተከፈተባቸው ቦታዎች ሁሉ የእሱን እጅ አወጣች፣ ማውረዱን ለሳጥኑ ትቶ ጋዙን ባለበት እንዲይዝ ተማሪውን እንደገና ማስተማር ጀመረች። በዙር በዙር ነው የሚማረው። በየዙሩ ስክሪኑ ላይ የድሮው መስመር ይታያል፤ መጀመሪያ አልተነካም፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ አለ፣ ከዚያ ጉድጓዱ እየተሞላ መጣ። መጨረሻ ላይ የጠፋችው መሃል ላይ ያለችው ቆም ማለት ናት። ለብዙ ዙር አልለቅም ብላ ቆየች፤ ኢንጂነሯ ማሽኑን ልታቆመው እጇን አነሣች። መልሳ አወረደችው። ከቦርሳዋ ግማሿን ዳቦ አወጣችና ተቀምጣ በላቻት። ስታበቃ መስመሩ ለጥ ያለ ነበር።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ በራሱ ስልክ ጋዙ ሲወርድ አይቶ መጣ። አዳራሹ መሃል፣ በአጉራሾቹ ፊት ጮኸ።

«ዐመሉ ይጥፋ አልኩ! ይኸው አሁንም እየወረደ ነው!»

«ዐመሉ ጠፍቷል» አለች። «ተማሪው እንዳሉት ንጹሕ ነው፤ አማካሪውን ያስመርምሩት። አሁን የሚያወርደው ሳጥኑ ነው።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«እርስዎ። ምድጃው ሰው የሚያቃጥል ሆኖ ካገኘሁት እንድቆልፈው ሥልጣኑን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ሐሙስ ዕለት አብረን አገኘነው። ቆለፍኩት።»

«ዛሬውኑ አስከፍተዋለሁ! ከሥራሽም አስነሣሻለሁ!»

«ሁለቱንም ይችላሉ። መጀመሪያ ግን ቁልፉን ይክፈቱት። 'በሩ ሲከፈት እሳት በሰው ላይ እንዲወጣ ፈቅጃለሁ' ብለው ይጻፉ፣ ከሥሩ ስምዎን ያስቀምጡ፣ ይፈርሙ። ከዚያ እኔን ያስነሡኝ። ቦታዬን የሚይዘውም ፊርማዎን አንብቦ ይጀምራል።»

«ትዕቢተኛ ነሽ።»

«ልሁን።»

ቅንድቤ ከቱታው ኪስ እስክሪብቶ አወጣና ዘረጋለት። «ከፈለጉ ይጽፋል፣ ጋሼ። ትንሽ ዘይት ነክቶታል እንጂ።»

ማንም አልሳቀም። ደረተ ሰፊው አጉራሽ ጉጠቱን መሬት ላይ አቁሞ ተደገፈው። ከኋላው ያሉትም አንድ በአንድ እንደ እሱ አደረጉ። ጋሪው ሚዛኑ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሚገፋው ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሰዎቹን አየ። እጁ ከኪሱ አልወጣም።

«ሥራ አታስፈቱ! ብረቱን ክተቱ!» አለና ዞሮ ሄደ። አልፈረመም። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲህ አልፈረመም። እሷንም አላስነሣትም፤ ያለ እሷ ያንን ሳጥን የሚነካ ሰው ማግኘት ነበረበትና። ሰላምታ ግን ነሥቷታል። እሷም አልለመነችውም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሥራው እንደ ወትሮው ሄደ። ብረቱ ገባ፣ ጋለ፣ ታጠፈ፣ ዘይት ውስጥ ተነከረ። ቅንድቤ ለእረፍት ሲወጣ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ብቅ አለ፤ ፊቱ በላብ ያብረቀርቃል፤ ሌላ ነገር ግን አልነካውም።

«አልፈጀንም» አላት። «ግን ደረቅ ሆኗል፣ እትዬ። በፊት ሲወርድ ሰው ሰው ይለን ነበር። አሁን መብራት እንደሚያጠፉት ነው፣ ድርግም።»

«እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«ሌላው ፈረቃ ላይም?»

«በሁሉም ፈረቃ። እኔ ብወጣም፣ አንተ ብትወጣም።»

ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋላት።

ኢንጂነሯ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ጋሪው ሚዛኑን ረገጠ፤ ሰማያዊው መስመር በአንዴ ወረደ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሰዎቹ በሰላም አጎረሱ። ምድጃው አንገቱን ይደፋል፣ ሳይፈርም ማንም ቀና ሊያደርገው አይችልም። በምድጃው ውስጥ የባልዋ የሆነ ነገር ግን ከእንግዲህ የለም።